ከልብስ አጣቢ እናቶች የተማሩት ሊቅ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ



ስለ ኒውተን፣ ስለ ፓስተርና ስለ ማዳም ኩሪ ከታች ክፍል ጀምሮ ስንማር መጥተናል። ደግ ነው፤ መማርም ይገባናል። ግን በሆሳዕና ዙሪያ በየአጥሩ ላይ ተጠምጥሞ በሚታይ ተክል ምክንያት ስሙ በዓለም የተጠራ የገዛ አገራችን ሊቅ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ተክሉ እንዶድ ነው፤ ሊቁ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በዚህ እትም የእኒህን ሰው ሕይወትና ሥራ ባጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

እንዶድን ጭራሽ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ከሐዲያ ገጠርም እንምጣ ከከምባታ፣ ከዱራሜም ይሁን ከአንጋጫ፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን ፍሬውን ለቅመው፣ አድርቀውና ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ያጥቡበት እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል፤ ያየንም አለን። አረፋው ኩፍ ይላል፤ ነጭ ልብስም ያነጣል። ሳሙና በየሱቁ ከሞላ ወዲህ ግን የእንዶድ ነገር እየተረሳ ሄዷል። ጨርሶ ከመረሳቱ በፊት ምን ዓይነት ነገር በእጃችን እንደነበረ ማወቅ አለብን። ነገ በየገጠሩ ተመድበን የምናስተምረው እኛው ነንና።

በሽታው

የአክሊሉን ሥራ ለመረዳት መጀመሪያ ቢልሃርዚያን ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ትሉን በ1851 ካይሮ ላይ ሬሳ ሲመረምር ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በመሆኑ በሽታው በእሱ ስም ተጠራ። በአገራችን ሁለት ዓይነት ቢልሃርዚያ አለ። አንደኛው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃ ሲሆን በብዙ ወይና ደጋ ቦታዎች ይገኛል። ሁለተኛው የሽንት ፊኛን ያጠቃል፤ እሱ በአንዳንድ ቆላማ ስፍራዎች ብቻ የሚታይ ነው።

የትሉ ኑሮ የሚያስገርም ነው። ሰው ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ በሰገራው ውስጥ ያለው የትል እንቁላል በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። የወጣው እጭ በዓይን አይታይም፤ ብዙም ዕድሜ የለውም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ ዓይነት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ገላው ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ጭራ ያላቸው ሌሎች እጮች በሺህ እየሆኑ ከቀንድ አውጣው ይወጡና በውሃው ውስጥ ይበተናሉ። እንግዲህ ውሃ ልትቀዳ የሄደች ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር እጮቹ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ቁስል የለ፣ ሕመም የለ፤ ቢበዛ ትንሽ ማሳከክ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ግን ለዓመታት የሚዘልቅ ነው። ሆድ ይነፋል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመላለሳል፤ ጉበት ያብጣል። ልጅ ይጫጫል፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መከታተል ያቅተዋል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ምክንያት ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ200 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ያሉትም በአፍሪካ ነው።

አስተውሉ! የበሽታው ሰንሰለት ሦስት ቀለበት አለው። እነሱም ሰው፣ ውሃና ቀንድ አውጣ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተበጠሰ ሰንሰለቱ ይፈታል። ሰው ውሃ ሳይነካ መኖር አይችልም። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን መግደል አንዱ ዘዴ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል በውጭ አገር ፋብሪካዎች ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

ልደትና ትምህርት

አክሊሉ ለማ በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረርጌ ምድር ተወለዱ። ዓመቱ ፋሺስት ጣልያን አገራችንን የወረረችበት ነው። ያ ትውልድ ያደገው ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና በተከፈቱበትና የተማረ ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነበር። አክሊሉም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በመጨረሻም በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ተምረው በ1964 የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ተቀበሉ። ያጠኑት ፓቶባዮሎጂን ሲሆን፣ ይኸውም በሽታ አምጪ ነፍሳት እንዴት እንደሚኖሩ፣ እንዴት እንደሚተላለፉና አካልን እንዴት እንደሚጎዱ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው።

ዲግሪያቸውን ይዘው ወዲያው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ገና 29 ዓመት ነበር። ማስተማሩ እንዳለ ሆኖ ቢልሃርዚያ በየትኛው ወንዝ እንዳለና የትኛው ቀንድ አውጣ እንደሚያስተላልፈው ለማጥናት ወደ አገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ይጓዙ ጀመር።

በዓድዋ ወንዝ ዳር

ዓድዋን የምናውቃት በ1896ቱ ድል ነው። በ1964 ግን በዚያች ከተማ ሌላ ነገር ተገኘ። አክሊሉ ለጥናታቸው ቀንድ አውጣ ለመልቀም ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። በወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ የሚያጥቡትም በእንዶድ ነው። አክሊሉ ወንዙን እየተከተሉ ሲመለከቱ አንድ ነገር ታያቸው። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አሉ። ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ናቸው።

ይህን ሲያዩ ዝም ብለው አላለፉም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ያዙና ከሴቶቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በቃ፣ ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ማይክሮስኮፕም፣ ውድ መሣሪያም አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ወንዝ ሴቶች በእንዶድ ሲያጥቡ ለዘመናት ኖረዋል። በዚያ የሚያልፍ ሰውም የሞተ ቀንድ አውጣ ሳያይ አይቀርም። አክሊሉን የሚለያቸው ማየታቸው ሳይሆን መጠየቃቸው ነው። ከላይ ያለውን ውሃ ከታች ካለው ጋር አነጻጸሩ፤ ምክንያቱን ገመቱ፤ ግምታቸውንም እዚያው ፈተኑት። በሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ትምህርታችን ምልከታ፣ መላ ምትና ሙከራ እያልን በደብተራችን የምንጽፈው እኮ ይኸው ነው! ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። የእንዶድን ፍሬ የመረጡት፣ የመድረቁንና የመወቀጡን ዘዴ ያወቁት፣ አረፋውን ያወጡት ሴቶቹ ናቸው። አክሊሉ ከእነሱ ለመማር አላፈሩም።

ከወንዝ ወደ ቤተ ሙከራ

አንድ ጊዜ ማየት ማስረጃ አይሆንም። አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የእንዶድን ፍሬ በልዩ ልዩ መጠን በውሃ እየበጠበጡ መፈተን ጀመሩ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም የሚሆን የእንዶድ ዱቄት ብቻ ቢጨመር በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹን የሚፈጅ ሆኖ ተገኘ። ይህ መጠን በጣት ጫፍ ከምትነሣ ቁንጣሪ ያነሰ ነው። ዱቄቱ በውሃ ውስጥ ለብዙ ጊዜ አይቆይም፤ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዓሣንም የሚገድል መሆኑ ታወቀ። አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ይህንንም ሳይደብቁ አብረው አስታወቁ።

ታዲያ በእንዶድ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ስሙ ራሱ ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ አረፋ የሚያወጣውም እሱ ነው። ሳፖኒን የሕዋስን ሽፋን ያፈርሳል፤ ቀንድ አውጣውም በዚህ ይሞታል። አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ እንጨምር። በደረቀ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን እንዳለ ሆኖ ጉልበት የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይነቃና ሳፖኒኑን ወደ ገዳይነቱ ይለውጠዋል። ውሃው የፈላ ከሆነ ግን ኢንዛይሙ ይበላሻል፤ እንዶዱም ይደክማል። ፍሬውም ቀልቶ ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ቢለቀም ይሻላል።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ያወጡትን ዋነኛውን ገዳይ ንጥረ ነገር በአክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። በዓለም የኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ የኢትዮጵያዊ ስም እንዲህ ገባ።

አክሊሉ ግን አንድ ሰው ብቻውን የትም እንደማይደርስ ያውቁ ነበር። በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ሆኑ። በዚህ ተቋም ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በገዛ አገራቸው በሽታዎች ላይ በገዛ ቤተ ሙከራቸው መሥራት ቻሉ። ከእነዚህ አንዱ የእርሻ ባለሙያው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እሳቸው ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አንድ ላይ እየተከሉ አወዳደሩ። ብዙ ፍሬ የሚሰጠውን፣ ተባይ የሚቋቋመውንና ጉልበቱ የበረታውን ሲመርጡ ከኖሩ በኋላ ቁጥር 44 የተባለውን ዓይነት አገኙ። እንዶድ ሴቴና ወንዴ ያለው ተክል ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። ስለዚህ ጥሩዋን ሴቴ በቁራጭ ግንድ ማራባት እንደሚቻልም አሳዩ።

የዓድዋው ሙከራ

ቤተ ሙከራ ሌላ፣ ሰው የሚኖርበት ወንዝ ሌላ ነው። በዕቃ ውስጥ የተሳካ ነገር በከተማ ላይ ላይሳካ ይችላል። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ አምስት ዓመት የፈጀ ትልቅ ሥራ በዚያችው በዓድዋ ተካሄደ። የአካባቢው እንዶድ እየተለቀመና እየተፈጨ በከተማዋ ወንዞች ውስጥ በየጊዜው ይጨመር ነበር። ሕዝቡም በሥራው ተካፈለ።

ውጤቱ የተለካው በሞቱት ቀንድ አውጣዎች ቁጥር ብቻ አልነበረም። ዋናው መለኪያ ሕፃናቱ ነበሩ። ለምን ቢባል፣ በሽማግሌው ሆድ ያለው ትል ከብዙ ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል። የትንሽ ልጅ ትል ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በሽታው መተላለፉን ማቆም አለማቆሙን የሚመሰክረው እሱ ነው። በሥራው መጀመሪያ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው የዓድዋ ልጆች 50 በመቶ የሚሆኑት በበሽታው ተይዘው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን 7 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ2 ልጆች 1 የታመመበት ከተማ ከ14 ልጆች 1 ወደሚታመምበት ከተማ ተለወጠ ማለት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ከአጥር ላይ የተለቀመ ፍሬ ነው!

የተዘጋው በር

ከዚህ በኋላ ዓለም ሁሉ እንዶድን ተሽቀዳድሞ የሚቀበል ይመስል ነበር። አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ታላላቅ ተቋማት የእንዶድ ዱቄት ለሰውና ለእንስሳት የማይጎዳ መሆኑ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በተፈቀደላቸው ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ ጠየቁ። እንዲህ ያለው ፍተሻ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። በኢትዮጵያ የሚገኝ አንድ ተቋም ሊችለው የሚችል አልነበረም። ኬሚካል የሚሠሩ ኩባንያዎችም ማንም ገበሬ በአጥሩ ላይ ሊተክለው በሚችል ነገር ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ምክንያት አልነበራቸውም። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ።

ፍትሐዊ ለመሆን ሁለቱንም ወገን እናስብ። ወደ መጠጥ ውሃ የሚገባ ነገር ይመርመር ማለት ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ግዴታ ነው። እናቶች በእጃቸው ነክተውት አልጎዳቸውም ማለት ብቻውን አይበቃም። በሌላ በኩል ምርመራው ያስፈልጋል የሚለው ወገን ገንዘቡንም ዕድሉንም ይዞ ተቀምጦ ሲጠብቅ በየወንዙ ልጆች ይታመሙ ነበር። አክሊሉ በየስብሰባው ደጋግመው የተከራከሩት በዚህ ላይ ነው። ድሃ አገር ያገኘው እውቀት ድሃ አገር ስላገኘው ብቻ ሊጠረጠር አይገባውም የሚል አቋም ነበራቸው።

እሳቸው ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ጉዳይ አገለገሉ፤ ቆይተውም በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጉዳይ ማዕከል ሠሩ። ከአገር ርቀው ቢኖሩም እንዶድን አልተዉም። በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ተካሄደ። የተጠየቀው የመርዛማነት ምርመራም በመጨረሻ በ1990 ገደማ ተሠራ። ውጤቱም እንዶድ በሚጨመርበት መጠን ለአጥቢ እንስሳት የከፋ አደጋ እንደሌለው፣ ግን ዓይን እንደሚያቃጥልና ዓሣ እንደሚገድል አሳየ። በወንዙ ከታየ 26 ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ሽልማትና ክርክር

በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ይህ ሽልማት በብዙዎች ዘንድ አማራጭ ኖቤል እየተባለ ይጠራል። ለሰው ልጅ ችግር ተግባራዊ መፍትሔ ላገኙ የሚሰጥ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለየት ያለ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከሌላ አገር በመርከብ የገባ ትንሽ ባለ ቅርፊት እንስሳ ተባዝቶ የከተማ ውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። በ1990 አክሊሉ በኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሳለ እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ ተሞከረ፤ ገደለውም። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለመብትነት ወረቀት አወጣ። የአክሊሉ ስም በፈጣሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም ነገሩ በዓለም ላይ ትልቅ ክርክር አስነሣ። የኢትዮጵያ እናቶች ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት እውቀት ለባሕር ማዶ ተቋም ገቢ ሲያመጣ የእነሱ ድርሻ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም የተዘጋ አይደለም። ስለ አገር በቀል ተክሎችና ስለ ባለቤትነታቸው በሚነገርበት ቦታ ሁሉ የእንዶድ ስም ይነሣል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ይጠራል።

እንዶድ በዓለም ወንዞች ሁሉ ላይ አልተስፋፋም። አንዱ ምክንያት በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ጥሩ መድኃኒት መገኘቱና በኋላ ዋጋው መርከሱ ነው። በአገራችንም ከ2015 ጀምሮ ይህ መድኃኒት በአገር አቀፍ ዘመቻ በትምህርት ቤቶች ለልጆች ይሰጣል። መልካም ነው። ግን መድኃኒቱ በሰው ሆድ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ በወንዙ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም። ልጁ ዛሬ ድኖ ነገ እዚያው ውሃ ከገባ እንደገና ይያዛል። የአክሊሉ ጥያቄ አሁንም ወንዙ ውስጥ ነው።

በጓሮአችን ያለው

ከእኒህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለሆሳዕና ሠልጣኞች የሚተርፈው ምንድን ነው? ወደ ጓሮአችን እንመልከት። በሐዲያም በከምባታም ከእንሰቱ ጎን ጤና አዳም አይጠፋም፤ በቡና ስኒ ጫፍ እንነክረዋለን፤ ለሆድ ቁርጠት ይሰጣል። ጤና አዳም በሳይንስ ስሙ ሩታ ከሚባለው ወገን ነው። ከዚህ ወገን ከሚመደብ የአውሮፓ ተክል አንድ ንጥረ ነገር ወጥቶ በተክሉ ስም ሩቲን ተባለ። ሩቲን ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የተክል ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ፍላቮኖይዶች በሽንኩርት፣ በሻይ ቅጠል፣ በብርቱካንና በልዩ ልዩ ፍሬዎች ይገኛሉ። ለብዙ አበቦችና ፍሬዎች ቀለም ይሰጣሉ፤ ተክሉን ከጠንካራ ፀሐይ ይከላከላሉ።

ለሰው ጤናስ? በ1936 ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሰንት-ጆርጂ ከሎሚና ከቃሪያ ወገን ባገኙት ፍላቮኖይድ ላይ ተመርኩዘው አዲስ ቪታሚን አገኘን ብለው ቪታሚን ፒ አሉት። ሰውየው ቪታሚን ሲን በማግኘት የታወቁና በ1937 ኖቤል የተሸለሙ ታላቅ ሊቅ ናቸው። ሆኖም ሌሎች ሲፈትኑት ቪታሚን ሆኖ አልተገኘም፤ ስሙም ቀረ። ዛሬ ፍላቮኖይድ ያለባቸውን አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በልብ በሽታ የመያዛቸው ዕድል ዝቅ እንደሚል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ጥቅሙ ከፍላቮኖይዱ ይሁን ከሌላው ምግብና ከአኗኗሩ መለየት ቀላል አይደለም። ስለዚህ አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ማለት ይቻላል፤ ይህ ቅጠል ልብን ይፈውሳል ማለት ግን አይቻልም።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በአካባቢያችን ለቡና ጥላ የሚሆነውን የብርብራን ዛፍ የማያውቅ የለም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ሲገባ ዓሣ ያደነዝዛል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ ደግሞ ከዚያው ከፍላቮኖይድ ዘመድ ነው! እንግዲህ በአንድ የኬሚስትሪ ቤተሰብ ውስጥ ስኒ ላይ የምንነክረውም፣ ዓሣ የሚገድለውም አለ። ከተክል የመጣ ሁሉ አይጎዳም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብርብራን አስታውሱት። እንዶድም እንደዚሁ ነው። ለመድኃኒት ብለው የሚጠጡት ሰዎች አሉ፤ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ነው። በገዛ ሥልጣን ወንዝ ውስጥ መበጥበጥም ዓሣውን ይፈጃል፤ መጠኑንና ጊዜውን ባለሙያ መወሰን አለበት።

አክሊሉ ያሳዩን መንገድ በሁለት ጽንፎች መካከል ያልፋል። አንዱ ጽንፍ የአያቶቻችንን እውቀት ኋላ ቀር ነው ብሎ መናቅ ነው። ሌላው አያቶቻችን ካሉት ልክ ነው ብሎ ያለ ምርመራ መዋጥ ነው። እሳቸው መጀመሪያ አከበሩ፤ ቀጥሎ ፈተኑ፤ ከዚያ ለኩ። ጉዳቱንም ጥቅሙንም አንድ ላይ ተናገሩ።

ጓደኞቻችን! ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዳንዶቻችን በቢላቴ ወንዝ ዳር፣ አንዳንዶቻችን በግቤ ሸለቆ አቅጣጫ ባሉ ትምህርት ቤቶች እንመደባለን። ብዙዎቹ ቤተ ሙከራ አይኖራቸውም። በዚህ ምክንያት ሳይንስን በቃል ብቻ እናስተምር እንል ይሆናል። ያስፈለገው ግን አንድ ዕቃ ውሃ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣና አንድ ጥያቄ ነበር። የትሉን ዙር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሣለው። ልጆች ወንዝ ዳር እንዳይጸዳዱ፣ ትምህርት ቤቱም መጸዳጃ ቤት እንዲኖረው ከወላጆች ጋር እንምከር። ልጆቹ የእናቶቻቸውን የተክል ስሞችና አጠቃቀም ጽፈው እንዲያመጡ እናድርግ፤ ሳይቀምሱና ሳይጠጡ። እናትየዋም ልጇ የጻፈውን አስተማሪው ከቁም ነገር ቆጥሮ እንዳነበበው ስትሰማ ደስ ይላታል። ምናልባት ከእነዚያ ደብተሮች በአንዱ ውስጥ ማንም ያልጠየቀው ሌላ እንዶድ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። እሱን አይቶ የሚጠይቅ አስተማሪ ለመሆን እንዘጋጅ።